በሽታውን የደበቀ ኩባንያ

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2019) ከቦሌ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 በስድስተኛው ደቂቃ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከሰከሰ፤ የተሳፈሩት 157 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ከዚያ አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ ተመሳሳይ አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ባሕር ላይ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተዋል። በሁለቱም በረራዎች ኤምካስ የተባለው የቦይንግ 737 ማክስ ሶፍትዌር ከአንድ ሴንሰር የመጣለትን የተሳሳተ መረጃ አምኖ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ደፍቋል። ብዙዎች ጉዳዩን የሶፍትዌር ጉድለት አድርገው ይተዉታል። ጉድለቱ እንዲያልፍ ያደረገው ግን የአመራር ልማድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1916 በሲያትል የተመሠረተው ቦይንግ ለረጅም ዘመን የመሐንዲስ ቃል የሚከበርበት ቤት ነበር። በ1997 ከማክዶኔል ዳግላስ ጋር ከተዋሐደ በኋላ ግን ሚዛኑ ወደ ወጪ ቅነሳና ወደ አክሲዮን ዋጋ አጋደለ። በ2001 ዋና መሥሪያ ቤቱ ወደ ቺካጎ ሲሄድ አለቆቹ ከፋብሪካቸው ከ2,500 ኪሎ ሜትር በላይ ራቁ። ከ2013 እስከ 2019 መጀመሪያ ድረስ ኩባንያው የራሱን አክሲዮን መልሶ ለመግዛት ከ40 ቢሊዮን ዶላር በላይ አወጣ።

የፈጠራው መንገድም በዚያው ልማድ ጠበበ። ተፎካካሪው ኤርባስ በ2010 ኤ320 ኒዮ የተባለውን አውሮፕላን ሲያስተዋውቅ፣ በቀጣዩ ዓመትም የቦይንግ ነባር ደንበኛ አሜሪካን ኤርላይንስ ፊቱን ወደ ኤርባስ ሲያዞር፣ ቦይንግ አዲስ አውሮፕላን መንደፉን ትቶ በ1967 መብረር በጀመረው 737 ላይ ትልልቅ ሞተሮች ለመግጠም ወሰነ። ሞተሮቹ የአውሮፕላኑን ጠባይ ስለለወጡ ኤምካስ ተጨመረ። ገዢዎች አብራሪዎቻቸውን በሲሙሌተር የማሠልጠን ወጪ እንዳይመጣባቸው ስለተፈለገ፣ የኤምካስ ነገር ከአብራሪዎች መመሪያ ውስጥ ቀረ። የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ በ2020 ባወጣው ሪፖርት እንደታየው፣ በመንግሥት ውክልና ደኅንነትን ከሚያረጋግጡት የቦይንግ ሠራተኞች መካከል በ2016 የውስጥ መጠይቅ ከመለሱት 39 በመቶዎቹ ተገቢ ያልሆነ ጫና እንደሚሰማቸው ተናግረዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እዚህ ግን ሕመሙን የተናገሩ ነበሩ፣ የጠፋው ሰሚ ነው።

ጥፋቱ የአብራሪዎቹ ነው የሚሉ አሉ። የአሜሪካ መርማሪዎችም የኢትዮጵያው የመጨረሻ ሪፖርት የአብራሪዎቹን ድርሻ በበቂ አላየም ሲሉ ተከራክረዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ከራሱ ከቦይንግ ዘንድ መጣ። ለዓመታት የሸሸውን የሲሙሌተር ሥልጠና በ2020 መጀመሪያ አስፈላጊ ነው ብሎ ራሱ አሳሰበ። ሌሎች ደግሞ አየር መንገዶች ዛሬም ማክስን ስለሚገዙ የቦይንግ ስም አልተጎዳም ይላሉ። እውነት ነው፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ እንኳ በ2023 ተጨማሪ 20 ማክስ አዟል። ነገር ግን በዚህ ገበያ ትልልቅ ሻጮች ሁለት ብቻ ናቸው፤ የኤርባስ ወረፋም የዓመታት ነው። አማራጭ ያጣ ሰው ገዛ ማለት አመነ ማለት አይደለም። በ2024 መጀመሪያ የአላስካ ኤርላይንስ ማክስ በአየር ላይ ሳለ የጎን መዝጊያው ተገንጥሎ ሲወድቅና መዝጊያውን የሚይዙት አራት ብሎኖች እንዳልተገጠሙ ሲታወቅ፣ የተሳፋሪው ጥርጣሬ እንደገና አገረሸ።

እንግዲህ ስለ አንድ ኩባንያ የፈጠራ አቅም ለመፍረድ የምርምር በጀቱን ብቻ ማየት አይበቃም፤ መጥፎ ወሬ ይዞ አለቃው ቢሮ የገባ ሠራተኛ ምን እንደሚገጥመው መጠየቅ ያስፈልጋል። መልካም ስምም የሚሠራው በማስታወቂያ ክፍል ሳይሆን እዚያው ቢሮ ውስጥ ነው። 346 ሰዎች ካለቁ በኋላ ኤምካስ ሁለት ሴንሰሮችን እንዲያነጻጽር ተደረገ። ሁለተኛው ሴንሰር ግን ከመጀመሪያውም አውሮፕላኑ ላይ ነበረ።