ዓይኖቹን ቁጠሯቸው

ከሽሮ ሜዳ ታክሲ ይዞ በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል ቁልቁል ስድስት ኪሎ ለመድረስ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ብዙዎቹ የሰፈራችን ልጆች ግን የስድስት ኪሎውን ዩኒቨርሲቲ አጥር እንጂ ውስጡ ያለውን ሙዚየም አያውቁትም። እኔ የሥዕል መምህርት ነኝ፤ ትምህርት ሲዘጋ የሸማኔና የነጋዴ ልጆችን ጥቂት ጥቂት እያደረግኩ ይዤ እወርዳለሁ። እርሳስ፣ ላጲስ፣ ካርቶን ላይ የተጣበቀ ወረቀት ይበቃል። እስክሪብቶ አላስይዝም፤ ቅርስ ላይ ካረፈ አይለቅም።

ሙዚየሙ በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ንብረት ነው። ሕንፃው የአፄ ኃይለ ሥላሴ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ። ልጆቹ የንጉሡን መኝታ ቤት ይወዱታል። እኔ ግን ቶሎ አሳልፌ ወደ ጥንታዊዎቹ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች እወስዳቸዋለሁ።

እዚያ ማብራሪያ አልሰጥም። «አንድ ሥዕል ምረጡ፣ ቁጭ በሉ፣ መጀመሪያ ዓይኖቹን ቁጠሩ» እላለሁ። አንዲት ትንሽ ልጅ ስትስል ቆይታ ቀና አለችና «ቲቸር፣ የዚህ ሰውዬ ሌላኛው ዓይኑስ?» አለችኝ። መልሱን ልነግራት እችል ነበር፤ «እስቲ ሌሎቹ ላይ ፈልጊ» አልኳት። እየዞረች አየች፣ ተመለሰች፣ «ጥሩዎቹ ሁለት፣ መጥፎዎቹ አንድ!» አለች። እውነትም በጥንቱ አሳሳል ቅዱሳን ፊት ለፊት ይሳላሉ፣ ክፉዎች ግን በጎን። በኋላ የዐድዋን ጦርነት ሥዕል ቅጂ ሳሳያት ጣሊያኖቹ ለምን በጎን እንደተሳሉ የሚነግራት አላስፈለጋትም።

የሸማኔ ልጅ ደግሞ ሌላ ነገር ያያል። አንዱ የእመቤታችንን ፊት ትቶ የልብሷን ጠርዝ ብቻ ሲስል ዋለ። አባቱ ጥለት ሲሠራ ክሩን እንደሚቆጥረው፣ እሱም መስመሩን እየቆጠረ ነበር። «ፊቱስ?» ያሉት ነበሩ። ለእኔ ከዕለቱ ሥራዎች ሁሉ የበለጠው የእሱ ነው፤ የሚያውቀውን ነገር እዚያ አግኝቶታልና።

ጠና ላሉት እዚያው ስድስት ኪሎ አካባቢ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል አለ። የሐረሩ ሠዓሊ የገብረ ክርስቶስ አባት፣ አለቃ ደስታ፣ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ ነበሩ። ልጃቸው በዘመናዊ ሥዕል ስሙ ተጠራ። ልጆች እዚያ ባለው ረቂቅ ሥዕል ፊት እንደ አዋቂ አይጨነቁም፤ ቀለሙን ያያሉ፣ ይስላሉ።

ወላጆች፣ ልጃችሁ የሳለውን ስታዩ «አልመሰለም» አትበሉ፤ ምን እንዳየ ጠይቁት። ርእሳነ መምህራንም፣ ዓመታዊውን ጉብኝት ከአዳራሽ አዳራሽ በማስሮጥ አትጨርሱት። ለተማሪዎቹ ወረቀትና እርሳስ አስይዛችሁ አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጧቸው።