አራት ቃዳ መሬት፣ አንድ ማጀት

ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ጥያቄ ደረሰኝ። «አንድ ሄክታር መሬት አለኝ። ሰፈሩ ሁሉ በኩታ ገጠም በቆሎ ሊዘራ ነው። ሁሉንም ልግባበት ወይስ ላስተርፍ?» ይላል። ጠያቂው ከቡሬ ወጣ ካለ ቀበሌ ነው። ለእሱ ብቻ ከምመልስ እዚህ ላስፍረው፤ ከደምበጫ እስከ ሽንዲ ያለ ገበሬ በየዓመቱ በሚያዝያ የሚያወጣና የሚያወርደው ነገር ነውና።

አጭሩ መልስ፦ አስተርፍ።

በቆሎን ማቃለሌ አይደለም። ምዕራብ ጎጃምን ትርፍ አምራች ያሰኘው በቆሎ ነው። ከባኮ ምርምር ማዕከል የወጡት የበቆሎ ዝርያዎች፣ ቢኤች 660፣ ቢኤች 540፣ ኋላም ቢኤች 661፣ ባይደርሱልን ኖሮ ይህ ሁሉ ሕዝብ በዚህ ጠባብ መሬት ላይ ምን በልቶ ያድር እንደነበር እንጃ። ግን እስቲ አብረን እናስላ። አራት ቃዳ አንድ ሄክታር ነው። በቆሎ በሄክታር 40 ኩንታል ቢሰጥ (ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በወቅቱ ያገኘ ከዚያም በላይ ያፍሳል) ከአንድ ቃዳ 10 ኩንታል ይገባል። ስድስት ነፍስ ያለበት ቤት፣ ለአንድ ሰው በዓመት ሁለት ኩንታል እህል ብንይዝ፣ የሚያስፈልገው 12 ኩንታል ነው። ስለዚህ አንድ ቃዳ ከሩብ ገደማ በቆሎ የቤቱን ሆድ ይሞላል። ቀሪው ሁለት ቃዳ ከሦስት ሩብ ለምን ይዋል? የእርሻ ዕቅድ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ብዙዎቻችን ግን እዚህ ስንደርስ ማሰብ አቁመን «ያም በቆሎ ይሁን» እንላለን።

ሆድ መሙላትና መመገብ ይለያያሉ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ናቸው አለ። የአገሪቱ አማካይ 38 ነበር። ከክልሎች ሁሉ የባሰው የእኛው ነበር፤ የአገሪቱን ጎተራ ከሚሞሉት አንዱ እኛው ሆነን ሳለ! ምክንያቱ እህል ብቻ አይደለም፤ ውሃው፣ ንጽህናው፣ የእናቶች የሥራ ጫና ሁሉ አለበት። ማዕዱ ግን ከዋናዎቹ አንዱ ነው። በቆሎ ጉልበት ይሰጣል፤ ፕሮቲኑ ግን ላይሲንና ትሪፕቶፋን የሚባሉት ለልጅ ዕድገት የግድ የሚሆኑ ንጥረ ነገሮች ያንሱታል። ላይሲኑን አሟልተው የሚሰጡት ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ፣ ቦሎቄና አኩሪ አተር ናቸው። የዓመቱን ግማሽ ያህል ለሚጾም ሕዝብ ደግሞ ጥራጥሬ ሥጋውም ወተቱም ነው። መሬቱን በሙሉ በቆሎ የዘራ ሰው ሽሮውን ከገበያ ሊገዛ ነው። እስቲ የሽሮ እህል ዋጋ ስንት እንደሆነ ባለቤትህን ጠይቃት፤ የመሬቱ ዕቅድ ሲወጣ እሷም ትኑርበት። ማጀቱ መቼ እንደሚጎድል ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ገበያውንም እናንሳ። ዕድሜያቸው ከፍ ያለ ሰዎች 1994 ዓ.ም.ን ይረሱታል ብዬ አላስብም። ሁለት ዓመት ተከታትሎ ጥሩ ምርት ሆነ፤ የበቆሎ ዋጋ ተንኮታኮተ። በምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ማጨጃውን እንኳ ስለማይመልስ እርሻ ላይ የተተወ በቆሎ ነበር። ለማዳበሪያ የተበደረው ዕዳውን መክፈል አቃተው፤ በቀጣዩ ክረምት ብዙዎች ማዳበሪያ ቀነሱ። ያው ክረምት በሌላው የአገሪቱ ክፍል ዝናብ አጠረና በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን በ2000 ዓ.ም. ሥራ ለጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሐሳብ መነሻ አድርገው ደጋግመው የሚያነሡት ይህንኑ ጊዜ ነው። ለእኔ ግን ትምህርቱ ወደ ቤት ይቀርባል፦ ጎረቤትህ ሁሉ የሚሸጠውን ብቻ ይዘህ ገበያ አትውጣ።

ወደ ኩታ ገጠም፣ የአጎራባቾችን ማሳ አንድ ላይ አድርጎ አንድ ሰብል ወደ መዝራቱ፣ ልመለስ። ጥሩ ነገር አለው። ትራክተር በአንድ ላይ ይገባል፣ ዘር በአንድ ላይ ይመጣል፣ ጅምላ ገዢም ይመጣል። ቡሬ ላይ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከተሠራ ወዲህ ለፋብሪካ የሚሆን ምርት ማቅረብ ተስፋ ያለው መንገድ ነው። ነገር ግን አንድ ዓይነት ሰብል ከዳር እስከ ዳር ሲሆን ተባዩም ሳይቸገር ከማሳ ማሳ ይሸጋገራል። በ2009 ዓ.ም. የመጣውን መጤ ተምች አስታውሱ። ስለዚህ ለጠያቂዬ የምለው፦ ኩታ ገጠሙ ውስጥ አንድ ቃዳ ተኩል ያህል አስገባ፤ ከዚያ በላይ ቢጎተጉቱህ «የልጆቼ ሽሮ ነው» በል። (ነገር ለማክረር ሳይሆን በትሕትና፤ የግብርና ባለሙያው ከላይ የመጣ ዕቅድ አለበት።)

የቀረው እንደ መሬትህ ነው። አንድ ቃዳ ጤፍ፦ ለእንጀራም ለብርም የሚሆን፣ ዋጋው በቶሎ የማይወድቅ። አንድ ቃዳ ጥራጥሬ። እዚህ ላይ አፈርህን ሳታውቅ አትወስን። የእኛ ቀይ አፈር ዝናብ ካልሲየሙን እያጠበው አሲዳማ ሆኗል፤ ባቄላ በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ቢጫ ሆኖ ቀጭጮ ይቀራል። አፈርህን አስመርምር፤ ኖራ ካስፈለገህ ለሄክታር የሚፈለገው በአስር ኩንታሎች የሚቆጠር ስለሆነ ማጓጓዣውን አስቀድመህ አስብ። እስከዚያው ቦሎቄ በበቆሎው መስመር መካከል ይገባል፤ የራሱን መሬት አይጠይቅም።

የተረፈችው ግማሽ ቃዳ ላይ ብዙ ሰው በርበሬ ይላል። ቡሬ፣ ጃቢ ጠህናን፣ ወንበርማ፤ በርበሬ የኛ ስም ነው። ብሩም እውነት ነው። ግን ክረምቱ ሲከፋ ሥሩ በስብሶ ማሳው ባንዴ ሲጠወልግም አይተናል። ስለዚህ ብትከስር ቤትህን የማያናጋ ቁራጭ መሬት ላይ ይሁን፤ ውሃ በማይተኛበት፣ በየዓመቱ ቦታውን እየቀየርህ።

ስለ ሁለት የተናቁ ሰብሎች ትንሽ ልቆይ። አንዱ ዳጉሳ ነው። ነቀዝ ብዙም አይደፍረውም፤ ጎታ ውስጥ ዓመታት ይቀመጣል፤ በካልሲየም ከእህሎች ሁሉ ቀዳሚ ነው። በቆሎ ግን ጥሩ ከረጢት ካላገኘ ግንቦት ሳይደርስ ዱቄት ይሆናል። ሌላው ግብጦ ነው። በደከመና አሲዳማ መሬት ላይ፣ ያለ ማዳበሪያ፣ እርሻ እንኳ ብዙ ሳይጠይቅ ይበቅላል፤ ናይትሮጅን ለአፈሩ ትቶ ይሄዳል፤ ከክብደቱ ከመቶ 30 በላይ ፕሮቲን ነው። ችግሩ ምሬቱ ነው፤ ቆልቶ፣ ቀቅሎ፣ ለቀናት ወንዝ ውስጥ መዘፍዘፍ ይጠይቃል። እኛ ደግሞ የአረቄ ማጣፈጫና የመንገድ ዳር ቁርስ አድርገን ተውነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬው አደባባይ እስከ መውጣት ደርሶ ነበር፤ ከዚያም የክልሉ ግጭት መጣና መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት ከረመ። ዩሪያ ሳይደርስ የቀረ ዓመት ላይ በቆሎ ወገቡ ይሰበራል፤ ዳጉሳና ግብጦ ግን እንደ ነገሩ ይሰጣሉ። ከአራቱ ቃዳ አንዱ ጥግ ላይ ለእንዲህ ያለው ዓመት የሚሆን ነገር ይኑር።

ባሕር ዛፍን በተመለከተ፦ ዳገትና ገደል ላይ ይሁን። ጥሩ መሬት ላይ የተከለ ሰው የጎረቤቱንም ቦይ ያደርቃል።

አሁን ወደ ወራቱ። በእኛ አገር ጎተራው የሚሳሳው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው፤ እሸት ሊደርስ ሲል። ብድር የሚገባውም ያኔ ነው፤ በኅዳር በርካሽ ተሽጦ በሐምሌ በውድ ይገዛል። ይህን ክፍተት የሚሞላው ድንች ነው፦ ጓሮ ወይም መስኖ አጠገብ በየካቲት ተተክሎ በግንቦትና በሰኔ ይወጣል። ጓሮ ላይ ቀደም ብሎ የሚዘራ ጥቂት በቆሎም ለእሸት ይደርሳል። ከድንቹ ጎን ጎመንና ካሮት ብታስገባ ለሕፃኑ ነው።

ክረምቱ ሲወጣስ? መረሬ መሬት ያለው ሰው መስከረም ላይ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ወይም ጓያ ይዘራል (ጓያውን በልክ፤ አዘውትሮ ዋና ምግብ ሲያደርጉት እግር ያሽመደምዳል)። ያለ ተጨማሪ መሬት ሁለተኛ ምርት ማለት ነው። እዚህ ላይ ግን የአንድ ሰው ዕቅድ ብቻውን አይሠራም። በቆሎው ሲሰበሰብ ከብቱ ይለቀቃል፤ በልቅ ግጦሽ መካከል የአንተ ሽምብራ ብቻውን አረንጓዴ ቢሆን የመንደሩ በሬ ሁሉ እንግዳህ ነው። ስለዚህ ጠያቂዬ ከዘር ግዥ በፊት አንድ ሥራ አለበት፤ አጎራባች ማሳ ያላቸውን ሰዎች ሰብስቦ፣ ከብት እስከ ጥር መጨረሻ በዚያ በኩል እንዳይለቀቅ መነጋገር፣ እረኛ በተራ መመደብ፣ የተበላበት ሰው በምን እንደሚካስ አስቀድሞ መቁረጥ። ከተስማሙ ሦስት አራት ሰው በአንድ መስመር ሽምብራ ይዝራ። ካልተስማሙ ዘንድሮ ዘሩን አታባክን፤ ባቄላውንና ቦሎቄውን በክረምቱ ጨርስ።