ስፕሮኬት በዘንግ ላይ እንዴት ይታሰራል

የሞተር ጉልበት በሰንሰለት ወደ ጎማ በሚሄድበት ተሽከርካሪ ሁሉ ሰንሰለቱን የሚነክስ፣ ዙሪያውን ጥርስ ያለው ክብ ብረት አለ። ይህ ብረት ስፕሮኬት ይባላል። በቢቸናና በሞጣ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በሞተር ሳይክል የኋላ ጎማ ላይ ነው። ባጃጅ ሰንሰለት የላትም። ሞተሯ ከኋላ ተቀምጦ ጉልበቱን በማርሽ ሳጥንና በሁለት አጫጭር ዘንጎች ለጎማዎቹ ያደርሳል። በውኃም በየብስም የሚሄዱት ባለ 6 እና ባለ 8 ጎማ ተሽከርካሪዎች ግን ከሞተር ሳይክልም በላይ የሰንሰለት ጥገኞች ናቸው። ስፕሮኬት ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያየው ጥርሱን ነው፤ ጥርሱ መበላቱ በዓይን ይታያልና። ትልቁ ኃይል የሚያርፈው ግን መሐሉ ላይ፣ ከዘንጉ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ነው።

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ አድርጎ ሞጣ የሚደርሰው መንገድ ግራና ቀኙ በብዛት ጥቁር ዋልካ ነው። ለጤፍ የተመቸው ይህ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ከጎማ ጋር ተጣብቆ በጭቃ መከላከያውና በጎማው መካከል ይጠቀጠቃል። ሰውና እህል የጫነ ሞተር ሳይክል በአንደኛ ማርሽ እየጮኸ ከማጥ ሲወጣ ሰንሰለቱ እንደ ክራር ጅማት ይወጠራል።

ያን ጊዜ የሚፈጠረውን ኃይል በቁጥር ማየት ይቻላል። ከ100 እስከ 150 ሲሲ የሆነ ሞተር ራሱ የሚሰጠው የመጠምዘዝ ኃይል ከ8 እስከ 13 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። ማርሹና ሰንሰለቱ ፍጥነቱን እየቀነሱ ኃይሉን ያበዙታል፤ የፊቱ ስፕሮኬት 14፣ የኋላው 42 ጥርስ ቢኖራቸው በዚያ እርከን ብቻ በሦስት እጥፍ ያድጋል። በአንደኛ ማርሽ ወደ ጎማው የሚደርሰው 200 ኒውተን ሜትርን በቀላሉ ያልፋል። ይህ ኃይል 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ዘንግ ላይ ቢያርፍ፣ ከመሐሉ እስከ ዳሩ 12.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ግፊቱ 16,000 ኒውተን ይሆናል፤ የ1,600 ኪሎ ግራም ክብደት ማለት ነው። መጋጠሚያው ከመሐሉ 50 ሚሊ ሜትር ቢርቅ ደግሞ ያው ኃይል ወደ 4,000 ኒውተን ይወርዳል።

የሞተር ሳይክል ሠሪዎች የተጠቀሙት በዚህ ስሌት ነው። የኋላው ዘንግ አይዞርም፤ ጎማው በኩሽኔታ ላይ ሆኖ በዘንጉ ዙሪያ ይሽከረከራል። ስፕሮኬቱም ዘንጉን አይነካም፤ ሰፋ ባለ ክብ ላይ በተደረደሩ ቡሎኖች ከመያዣው ጋር ይታሰራል። በብዙዎቹ ላይ በመያዣውና በጎማው መሐል ባለው ሞዞ መካከል ድንገተኛ ጉተታን የሚያለዝቡ ላስቲኮች አሉ። የቡሎኖቹ ዋና ሥራ ሁለቱን ብረቶች አጥብቆ መጨፍለቅ ነው፤ ኃይሉን የሚያስተላልፈው የተጣበቁት ፊቶች ሰበቃ ነው። ዳዶው ከላላ ግን ቡሎኑ በጎን መመታት ይጀምራል፤ ቀዳዳው ወደ ሞላላነት ይለወጣል፤ ቡሎኑም አንድ ቀን ይቆረጣል። ዳዶውን የሚቆልፈው ስስ ብረት ሲፈታ ተጥሎ ሳይመለስ የሚቀረው ለምን እንደሆነ ግራ ያጋባል። ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

የፊቱ ትንሽ ስፕሮኬት ሌላ ዘዴ ይጠይቃል። ለቡሎን የሚሆን ስፋት ስለሌለው ዘንጉ ዙሪያውን በርዝመት ይሸነተራል፤ የስፕሮኬቱም ቀዳዳ በዚያው ልክ ይሸነተርና አንዱ በሌላው ውስጥ ይገባል። ስፕላይን የሚባለው ይህ ነው። ኃይሉ በብዙ ሸንተረሮች ላይ ስለሚከፋፈል ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን በተራ ቶርኖ አሳክቶ ማውጣት ከባድ ነው።

ዘንጉ ራሱ በሚዞርበት ማሽን፣ ለምሳሌ በእህል መውቂያ፣ የተለመደው ኪይ ነው። በዘንጉና በስፕሮኬቱ ቀዳዳ ላይ ትይዩ ቦይ ይወጣና በሁለቱ መካከል አራት ማዕዘን ብረት ይገባል። ከ22 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ለሚወፍር ዘንግ መደበኛው ኪይ 8 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፣ 7 ይወፍራል። ኪዩ ብዙ ጊዜ ከዘንጉ ለስለስ ካለ ብረት ይሠራል፤ ድንገተኛ ጭነት ሲመጣ እሱ ተቆርጦ ዘንጉን ያተርፋል። በእሱ ቦታ የፌሮ ቁራጭ መወሸቅ ግን ጥፋት ነው። ክብ ብረት የቦዩን ግድግዳ የሚነካው በቀጭን መስመር ብቻ ስለሆነ ቦዩን እየበላ ያሰፋዋል። የተበላ ቦይ ያለው ዘንግ መጣል ላያስፈልገው ይችላል፤ ከአሮጌው ራቅ ብሎ አዲስ ቦይ ማውጣት ይቻላል።

ሁሉም ሲያስቸግር የሚመጣው ሐሳብ ብየዳ ነው፤ ስፕሮኬቱን ከዘንጉ ጋር በይዶ መገላገል። ለጊዜው ይይዛል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ዘንግ የሚሠራው ብዙ ጊዜ ካርቦኑ ከፍ ካለ ብረት ነው፤ እንዲህ ያለ ብረት በብየዳ ግሎ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ከብየዳው ዳር ያለው ክፍል እንደ መስታወት ተሰባሪ ይሆናል። ለማቀዝቀዝ ብሎ ውኃ ማፍሰስ ደግሞ ያብሰዋል። የሚዞር ዘንግ በእያንዳንዱ ዙር ጥቂት ስለሚታጠፍ ስንጥቁ ከዚያው ዳር ተነሥቶ ወደ ውስጥ ይገባል። ሙቀቱ ትንሽ ስፕሮኬት ላይ ጥርሱ ድረስ ከደረሰ ጥንካሬውን ይቀንሰዋል፤ ዲስኩንም ያጣምመዋል። ከሁሉ የሚያናድደው ግን ጥርሱ ሲያልቅ ዘንጉም አብሮ መጣሉ ነው። የሚሻለው ከለስላሳ ብረት ሰፊ ከንፈር ያለው ሞዞ በቶርኖ አስወጥቶ በኪይ ዘንጉ ላይ ማስቀመጥ፣ ስፕሮኬቱን ደግሞ ከንፈሩ ላይ በቡሎን ማሰር ነው። ብየዳ የግድ ከሆነ ብረቱን አስቀድሞ ማሞቅ፣ በተቃራኒ ጎኖች እያፈራረቁ በጥቂት በጥቂቱ መበየድ፣ ከዚያም ቀስ ብሎ እንዲበርድ መተው ያስፈልጋል።

በየብስም በውኃም የሚሄዱት ተሽከርካሪዎች ይህን ሁሉ ፈተና በአንድ ላይ ይዘዋል። ከታወቁት አንዱ በካናዳ ኦንታሪዮ የሚሠራው አርጎ ነው። አካሉ ውኃ የማያስገባ ገንዳ ሲሆን አክስሎቹ፣ ማለትም ጎማዎቹን የሚያዞሩት ዘንጎች፣ ግድግዳውን በስተው ይወጣሉ፤ መውጫቸው ላይ ኩሽኔታና ውኃ መከላከያ ላስቲክ አለ። ስፕሮኬቶቹና ሰንሰለቶቹ ገንዳው ውስጥ ናቸው፤ በአንድ ጎን ያሉት ጎማዎች ሁሉ በሰንሰለት ተያይዘው አብረው ይዞራሉ። መሪው የፊት ጎማን አያጥፍም፤ የአንዱን ጎን ጎማዎች በማዘግየት ወይም በማስቆም ተሽከርካሪው እየተንሸራተተ ይታጠፋል። በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ጎማዎቹ መሬቱን ስለሚፍቁ አክስሉና ስፕሮኬቱ ወዲያና ወዲህ ይጠመዘዛሉ። ጥቂት የላላ ኪይ በዚህ ምት ቦዩን ቶሎ ያሰፋዋል። እንዲህ ያለ ተሽከርካሪ ለዋልካ ጭቃ ይመች ይሆናል፤ ከሞጣ ወገን ዓባይን ሰባራ ድልድይ በሚባለው ቦታ የሚሻገር ሰው ግን ተስፋ ባይጥልበት ይሻላል። ውኃ ላይ የሚቀዝፈው በጎማው ብቻ ስለሆነ ፍጥነቱ በሰዓት ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፤ ከክረምት ዓባይ ጋር የሚታገልበት አቅም የለውም።

መጋጠሚያው ከታሰረ በኋላ የሚቀረው መስመሩን ማስተካከል ነው። ቀጥ ያለ ብረት በሁለቱ ስፕሮኬቶች ጎን ላይ ሲጋደም ሁለቱንም እኩል መንካት አለበት፤ አለዚያ ሰንሰለቱ የጥርሱን ጎን እየፋቀ ስፕሮኬቱን ወደ ጎን ይገፋዋል። በብዙ ሞተር ሳይክሎች ሰንሰለቱ መሐሉ ላይ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ላይና ወደ ታች መላወስ አለበት፤ ከዚህ በላይ ከተወጠረ ኩሽኔታውን ይጨርሳል። መላላትን ለማወቅ ሞተሩ ጠፍቶ የኋላው ጎማ ከመሬት ይነሣና፣ አንደኛ ማርሽ ገብቶ ጎማው በእጅ ወዲያና ወዲህ ይነቀነቃል፤ ከላስቲኮቹ መጠነኛ መለመጥ ሌላ የብረት ኳኳታ ከተሰማ ወይም በቡሎኖቹ ዙሪያ የዝገት ዱቄት ከታየ መጋጠሚያው ላልቷል። ጥርሱ ወደ አንድ ጎን ጎብጦ ከተገኘ ሁለቱም ስፕሮኬቶች ከሰንሰለቱ ጋር አብረው ይቀየራሉ፤ አዲስ ሰንሰለት በተበላ ጥርስ ላይ ቢገባ ዕድሜው ያጥራል።