ቄስ በሌለበት እሑድ

በእድር ስብሰባ ላይ ሐሳብ ልትሰጥ እጇን አንስታ፣ ተራዋ ሲደርስ ግን ጉሮሮዋ የሚደርቅባት እናት ጥቂት አይደለችም። በፋብሪካ ማሽን የምታንቀሳቅስ፣ በቤቷም ስድስት ነፍስ የምታስተዳድር ሴት ናት፤ ዳሩ ግን ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ እሷ ሲያዞር ጉልበቷ ይብረከረካል። እንግዲህ ይህችው እናት አንድ እሑድ ጧት፣ «ዛሬ ቄሱ የሉም፤ ጸሎቱን አንቺ ምሪልን» ብትባል ምን ይሰማት ይሆን?

እርግጥ ነገሩ በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት አይደለም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ካህናትና ዲያቆናት፣ ቢያንስ አምስት ልዑካን ካልተሟሉ ቅዳሴ አይቀደስም። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ግን ያልተሾመ ምእመን መዝሙር ሊያስጀምር፣ ሊጸልይና ሊያስተምር ይችላል፤ ቅዱስ ቁርባኑ በአብዛኛው ለቄሱ ይቆያል።

ይህ ልማድ በምዕራብ ኢትዮጵያ የተፈተነው በችግር ቀን ነው። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) የአሜሪካ ሚሲዮናውያን ከሳዮ፣ ማለትም ከደምቢ ዶሎ አካባቢ ሲወጡ፣ የጉባኤው ሸክም በአገሬው ተወላጆች ትከሻ ላይ ወደቀ። ከነዚህም መካከል ማሞ ጮርቃና ጊዳዳ ሶለን ይገኙበታል። የኋለኛው ፕሬዚዳንት የዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ አባት የሆኑት ቄስ ጊዳዳ፣ በሕፃንነታቸው በፈንጣጣ ምክንያት ዓይናቸው የጠፋ ሰው ነበሩ። እንግዲህ «እኔ አልችልም» ለማለት ከእሳቸው የበለጠ ምክንያት የነበረው ማን ነው?

ከደምቢ ዶሎ ወደ ሰሜን ሲዘለቅ አሶሳ ይገኛል። የአካባቢው ነባር ሕዝብ በርታው በብዛት ሙስሊም ነው። ከድንበሩ ማዶ በሱዳን ብሉ ናይል፣ ቻሊ በሚባል ስፍራ ደግሞ ኡዱኮች ይኖሩ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1938 ጀምሮ በዚያ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ጣቢያ ነበረ። የኡዱክን ቋንቋ በጽሑፍ አስፍረው አዲስ ኪዳንን በመተርጎም የደከሙት ሜሪ ቢምና ቤቲ ክሪድላንድ የተባሉ ሁለት ሴቶች ናቸው። ቄሶች አልነበሩም። ይህን ማስታወስ ደስ ይለኛል።

በ1964 እ.ኤ.አ. የሱዳን መንግሥት ሚሲዮናውያኑን ከአገር አስወጣ። ጉባኤው እንደ ሳዮው ሁሉ ለአገሬው ቀረ። ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1987 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ መንደሮቻቸውን ሲያቃጥል፣ ኡዱኮች ድንበር ተሻግረው በአሶሳ አጠገብ በጾሬ ሰፈሩ። ይሁን እንጂ በዚያም አልከረሙም። በጥር 1982 ዓ.ም. አሶሳ በተጠቃች ጊዜ ካምፑ ባዶ ሆነ፤ ሕዝቡም ልጁን አዝሎ፣ ዕቃውን ተሸክሞ እንደገና ተሰደደ፤ በመጨረሻም ጋምቤላ ደረሰ።

እስቲ ይህን ጉዞ በእናት ዓይን እንመልከተው። የእሑድ ጸሎት ቄስ እስኪመጣ ሊዘገይ ይችላል። ሞት ግን ቀጠሮ አይሰጥም። በመንገድ ላይ ልጇ የሞተባት ሴት አጠገብ ቆሞ የሚጸልይላት ሰው የሚያስፈልጋት ያን ዕለት ነው። ያን ዕለት «ሥልጣን የለኝም» ብሎ ወደ ኋላ የሚያፈገፍግ ሰው ማዘን ብቻ እንጂ ማጽናናት አይችልም። የሚረዳው መጽሐፍ ከጠፋም በቃል የተያዘ መዝሙር ሸክም የለውም።

በሰላሙ ጊዜ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ወንበሩን የሚሞሉት ሴቶች ሆነው ሳለ፣ የሚመራ ሲፈለግ ዓይን ሁሉ ከኋላ ወደ ተቀመጠው ጎረምሳ ይዞራል። እሱ አምና የተጠመቀ ሊሆን ይችላል፤ እሷ ሃያ ዓመት ለቀስተኛ ስታጽናና፣ የታመመ ስትጠይቅ የኖረች ናት። ወንዶች ይህን ሲሰሙ ፈገግ ይሉ ይሆናል፤ ፈገግታቸው ግን መልስ አይደለም። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ የመጀመሪያዋን ሴት ቄስ የሾመችው በ2000 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ የሴቶቹ ድካም ሁሉ ስም ያልወጣለት ነበር።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትመራ እናት በእኔ አስተያየት ልትሸሸው የሚገባት ነገር ቄሱን ለመምሰል መሞከር ነው። የእሳቸውን ድምፅ፣ የእሳቸውን ርዝመት ካመጣች ትደናገራለች። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን መዝሙር ትምረጥ። የምታነበውን ክፍል ቅዳሜ ማታ ልጆቹ እየጮኹ እንኳ ቢሆን በድምፅ ታንብበው፤ አስቸጋሪውን ቃል ያኔ ታገኘዋለች። ጸሎቷ አጭር ይሁን፤ የታመሙትን በየስማቸው ብትጠራ ይበቃል። ቤት ያለውም አባወራ ያን ዕለት ጧት ሕፃኑን ይያዝላት፤ ወጡንም ይጠብቅላት።

በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከብሉ ናይል ጦርነት ሸሽተው ለመጡ ስደተኞች በዚያው በጾሬ አዲስ መጠለያ ተከፈተ።