ሙቀትን ስለሚገዛው ከፍታና ዝናምን ስለሚያመጣው ነፋስ

በአንድ ስፍራ ጧት ሰማዩ ጠርቶ፥ ከቀትር በኋላ ደመና አንዣቦ፥ ወደ ማታ ዝናም ጥሎ እንደ ሆነ፥ ይህ ሁሉ የዚያ ስፍራ የዕለቱ የአየር ሁኔታ ይባላል፤ የዚያው ስፍራ ሙቀትና ቅዝቃዜ፥ ርጥበትና ድርቀት፥ የነፋሱ አቅጣጫና የዝናሙ መጠን ለብዙ ዓመታት በየዕለቱ ተለክቶና ተመዝግቦ፥ ከመዝገቡም አማካዩ ተሰልቶ የሚታወቀው ጠባይ ግን የአየር ንብረት ነው። ለዚህ ስሌት ይበቃል ተብሎ በዓለም የተወሰነው ዘመን 30 ዓመት ስለ ሆነ፥ የዕለቱን የአየር ሁኔታ ማንም በዓይኑ አይቶ ሊናገረው ሲችል፥ ስለ አየር ንብረት ለመናገር ግን የአንድ ትውልድ መዝገብ ያስፈልጋል።

የጂኦግራፊ ሊቃውንት የአንድን አገር ሙቀት ሲመረምሩ አስቀድመው የሚጠይቁት ከምድር ወገብ ምን ያህል እንደሚርቅ ነው፤ ፀሐይ በምድር ወገብ አቅራቢያ ጨረሯን ቀጥ አድርጋ ስትጥል፥ ወደ ዋልታዎቹ ግን አዝምማ ስለምትጥለው ያው ብርሃን በሰፊ ምድር ላይ ተበትኖ ኀይሉ ይደክማልና። በዚህ ሕግ ብቻ ቢፈረድ ኖሮ፥ ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ የተዘረጋችው ኢትዮጵያ ከዳር እስከ ዳር ሐሩር በሆነች ነበር። ነገር ግን የምድሯ ከፍታ ፍርዱን ይለውጠዋል። ከባሕር ጠለል በታች በሚገኘው በዳሎል በ1950ዎቹ ዓመታት በተያዘው መዝገብ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖ ሲገኝ፥ በኬክሮስ ከእርሱ አንድ ዲግሪ ያህል ብቻ በሚርቀው፥ ቁመቱም ከ4,500 ሜትር በሚበልጠው በራስ ደጀን ላይ ሌሊቱን ውርጭ ይወርዳል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የፀሐይ ጨረር አየሩን እምብዛም ሳያሞቅ አልፎ ምድርን ያሞቃል፤ አየሩም ከምድር ይሞቃል። ይህ የሞቀ አየር ወደ ላይ በወጣ መጠን የሚጫነው አየር ስለሚያንስ ይስፋፋል፥ ሲስፋፋም ይበርዳል፤ ስለዚህ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይጎድላል። አባቶቻችን ቴርሞሜትር ሳይኖራቸው ይህንኑ ሥርዐት በእህሉና በከብቱ አውቀው፥ ምድሪቱን በረሃ፥ ቆላ፥ ወይና ደጋ፥ ደጋና ውርጭ ብለው ከፈሏት፤ ማሽላና ሰሊጥ የቆላ፥ ጤፍና ቡና የወይና ደጋ፥ ገብስና ባቄላ የደጋ መሆናቸውን ለይተው፥ ለእያንዳንዱ ምድር የሚስማማውን ዘር መረጡለት።

ከፍታ በአገሮች መካከል ያለውን የሙቀት ልዩነት ቢያስረዳም፥ ወራትን ከወራት አይለይም። በአዲስ አበባ በቀትርና በንጋት መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት በሞቃቱና በቀዝቃዛው ወር አማካይ መካከል ካለው ይበልጣል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ የሚከፋው፥ እንደ ጋቢ ሆኖ የምድርን ሙቀት የሚይዘው ደመና ከሰማይ ስለሚታጣ ነው። እንግዲህ ዓመቱን የሚከፋፍለው ዝናም ነው፤ በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠርም ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው ዘመነ ክረምት ከመጸው፥ ከሐጋይና ከፀደይ ተለይቶ የሚታወቀው በዝናሙ፥ በመብረቁና በወንዞች ሙላት ነው።

ዝናሙን የሚያመጣው ነፋስ ሲሆን፥ ነፋስም ግፊት ከበዛበት ወደ አነሰበት የሚፈስ አየር ነው። በክረምት ፀሐይ ወደ ሰሜን ስለምታልፍ ከሰሐራ እስከ ዐረብ ያለው ምድር እጅግ ይግላል፤ አየሩም ቀልሎ ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ ያንስና፥ ከአትላንቲክና ከኮንጎ ሸለቆ በኩል፥ ደግሞም ከሕንድ ውቅያኖስ፥ ርጥብ ነፋስን ይስባል። ይህ ነፋስ ከኢሉባቦርና ከከፋ ተራሮች ጋር ሲጋጠም ሽቅብ ይወጣል፥ ይበርዳል፥ የያዘውንም ተን ዝናም አድርጎ ያወርዳል፤ ስለዚህ በጎሬ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ሲዘንብ፥ በደንከል ዝቅተኛ ምድር 200 እንኳ አይሞላም። በበጋ ነፋሱ ዞሮ ከሰሜን ምሥራቅ ደረቅ ሆኖ ይመጣል፤ ነገር ግን ቀይ ባሕርን ሲሻገር ርጥበት ያነሣልና፥ ደገኛው ሲያጭድና ሲወቃ በምጽዋ በኩል ያለው ገደላማ ምድር ዝናሙን ያገኛል። ከየካቲት በኋላ ደግሞ ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሣው ነፋስ ለወሎና ለባሌ በልግን ያመጣል፤ በቦረናና በኦጋዴን ግን የደገኛው ክረምት ደረቅ ወቅት ሲሆን፥ ዝናሙ በፀደይና በመጸው ይጥላል።

ከዚህ የተነሣ ስለ ኢትዮጵያ አየር በጅምላ የሚናገር ሰው ይስታል፤ በሰኔ የጣለውን አንድ ዶፍ አይቶ ክረምቱ መልካም ነው ብሎ የሚዘራ፥ ወይም የአንድ ዓመት ድርቅ አይቶ የአገሩ ጠባይ ተለውጧል ብሎ የሚፈርድም እንዲሁ ይስታል። ክረምት በአንድ ዓመት ቀድሞ፥ በሌላው ዘግይቶ መግባቱ ራሱ ከአየር ንብረቱ ጠባይ አንዱ ነው፤ ጠባዩ በእውነት ተለውጦ እንደ ሆነ የሚመሰክረው፥ በየጣቢያው የዝናም መለኪያውን በየጧቱ እያነበበ ያለ መሰልቸት የሚጽፍ ሰው የያዘው መዝገብ ነው።