ሚዛን የማይደርስበት ጥይት

ጥይት፣ አረርና ቀለሃ የሚሉት ሦስቱ ቃላት በዕለታዊ ንግግር ቢቀላቀሉም ጥይትን በቤት ውስጥ መልሶ በሚሞላ ሰው እጅ ግን ለየብቻቸው የቆሙ ነገሮች ናቸው፤ አረር ከአፈሙዝ ወጥቶ የሚበረው እርሳስ ሲሆን፣ ቀለሃ ባሩዱን ይዞ ከተኩስ በኋላ ባዶውን የሚወድቀው የናስ ዕቃ ነው፤ ጥይት የሚባለው ሁለቱ ከባሩድና ከመቀጣጠያ ጋር ሲገጣጠሙ የሚገኘው ሙሉው ነው። መልሶ መሙላት ማለት እንግዲህ የወደቀውን ቀለሃ አንስቶ ወደ ቀድሞ ልኩ መመለስ፣ በግርጌው ያለውን የተቃጠለ መቀጣጠያ በአዲስ መተካት፣ ባሩድ መዝኖ መጨመርና አረሩን በአፉ ላይ መግጠም ሲሆን፣ ሥራው በስፋት በሚሠራባት አሜሪካ ለራሱ የሚሞላ ሰው የፌዴራል ፈቃድ ባያስፈልገውም ለሽያጭ የሚሞላ ግን ያስፈልገዋል።

ጆን ብራውኒንግ ለኪስ ሽጉጥ ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1905 በቤልጅየም፣ በ1908 ደግሞ በአሜሪካው ኮልት ሽጉጥ የወጣው ባለ 6.35 ሚሊሜትር ጥይት ቀለሃው 15.6 ሚሊሜትር ብቻ ይረዝማል፤ የተለመደው አረሩም 50 ግሬን፣ ማለትም 3.24 ግራም ያህል ይመዝናል። ፈላጊው ጥቂት በመሆኑ በአሜሪካ ገበያ ከትልቁ 9 ሚሊሜትር ጥይት ይልቅ የሚወደደው ይህ ትንሹ ነው፤ ባለሽጉጡን ወደ መሙላት የሚገፋውም ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ይሁን እንጂ ሽጉጡ የጥፍር ያህል የሆነውን ቀለሃ ሣር ውስጥ ስለሚወረውረው ከቁጠባው ብዙው እዚያው ሣር ውስጥ ይቀራል።

ጭንቁ የሚጀምረው ሚዛኑ ላይ ነው። ባሩድም እንደ አረር የሚመዘነው በግሬን ሲሆን 1 ግሬን 0.065 ግራም ያህል ነው፤ ለቤት ሥራ የሚሸጡት ሚዛኖች እስከ 0.1 ግሬን ሊሳሳቱ እንደሚችሉ አምራቾቻቸው ራሳቸው ይጽፋሉ። ወደ 50 ግሬን ባሩድ በሚጎርስ የአደን ጠመንጃ ጥይት ላይ ይህ ስሕተት ከመቶ 0.2 ብቻ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም፤ ከ1 እስከ 2 ግሬን ብቻ በሚይዘው የኪስ ጥይት ላይ ግን ያው ስሕተት ከመቶ 5 እስከ 10 ይደርሳል። ሚዛኑም ሰውየውም አልተለወጡም፤ የተለወጠው ዕቃው ነው።

የጦር መሣሪያ ጠጋኝ ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ግን ባሩድ በዝቶ የሚፈነዳውን ሳይሆን ባሩድ የተረሳበትን ጥይት ነው። መቀጣጠያው ብቻውን አረሩን ከቀለሃው አውጥቶ በርሜሉ መካከል ሊሸጉጠው ይችላል፤ ድምፁ ደካማ ሲሆን፣ የሽጉጡም ክዳን በራሱ ግፊት ወደ ኋላ አይመለስም፣ ቀለሃውም አይወጣም። አደጋው የሚደርሰው ከዚህ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም ተኳሹ ጥይቱ የከሸፈ መስሎት፣ እጁም ስለለመደ ክዳኑን ስቦ አዲስ ጥይት ያጎርስና ቃታ ይስባል፤ ሁለተኛው አረርም የተሸጎጠውን ሲመታ በርሜሉ ያብጣል ወይም ይቀደዳል። እንዲህ ያበጠ በርሜል ሲመጣለት ጠጋኙ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሽጉጡ ሳይሆን ጥይቱን ማን እንደሞላው ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ባሩዱ ጥቂት ስለሆነ ሁለት ጊዜ ቢጨመርም ከቀለሃው ላይፈስ ይችላል፤ ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች ቀለሃዎቹን በመደዳ አቁመው አረር ከመግጠማቸው በፊት እያንዳንዱን በመብራት ይመለከታሉ። ሬዲዮ ተከፍቶ፣ ልጅ እየተጠራ የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ መቀጣጠያው እርሳስ ያለበት ውሕድ ስለሚይዝም ቡና የሚጠጣበት ጠረጴዛ ላይ ሊሠራ አይገባውም።

አረሩ ከተገጠመ በኋላ ጥርጣሬ ቢነሣስ? ብዙ ጀማሪ የተዘጋጁትን ጥይቶች አንድ በአንድ መዝኖ ባሩድ የጎደለውን የሚያገኝ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የቀለሃዎቹና የአረሮቹ ክብደት ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሳየው ልዩነት ብቻውን በአንድ ጥይት ውስጥ ካለው ባሩድ ሁሉ ሊበልጥ ስለሚችል ሚዛኑ እዚህ ላይ ምስክር ሊሆን አይችልም። የሚቀረው ጥይቱን ጨብጦ በጠንካራ ነገር ላይ ሲመታ አረሩን በድንገቱ ኃይል የሚያወጣውን የፕላስቲክ መዶሻ ማንሣትና ሁሉንም አንድ በአንድ መፍታት ነው።