የተቀደደውን ሰማይ ማን ሰፋው?



ባለፈው ቅዳሜ በእረፍት ሰዓት አንድ ተማሪያችን «ጋሼ፣ ኦዞን ተቀዷል ይባላል፤ ታዲያ ማን ይሰፋዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ደስ ስላለኝ ለሁላችሁም ልመልስ። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ኦዞን በብዛት የሚገኘው ከምድር በላይ ከ15 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ከፀሐይ የሚመጣውን ጎጂ የአልትራቫዮሌት ጨረር አብዛኛውን እዚያው ያስቀረዋል። ግን ሁሉም ተሰብስቦ መሬት ላይ ቢነጠፍ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው!

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ በገቢና በወጪ ላስረዳችሁ። የፀሐይ ጨረር በየቀኑ ኦዞን ይሠራል፤ ያፈርሳልም። ገቢና ወጪው እኩል ሲሆን ችግር የለም። የሰው ልጅ ግን ለፍሪጅና ለስፕሬይ ብሎ ሲ.ኤፍ.ሲ. የሚባሉ ጋዞችን ሠራ። እነዚህ ወደ ላይ ወጥተው ሲፈርሱ ክሎሪን ይለቃሉ። አንዷ የክሎሪን አተም በሺዎች የሚቆጠር ኦዞን ታጠፋለች። ወጪው ከገቢው በለጠ ማለት ነው። በ1985 የእንግሊዝ ሳይንቲስቶች በአንታርክቲካ ሰማይ ላይ ኦዞኑ ክፉኛ መሳሳቱን ገለጹ። «ቀዳዳ» የተባለው ይህ ነው።

የኛ የፍሌሚንግደን ፓርክ ሰማይስ? ቀዳዳ የለውም፤ ግን ሳስቷል። ቶሮንቶ በምትገኝበት የምድር ክፍል ኦዞኑ ከ1980 በፊት ከነበረው አሁንም 4 በመቶ ያህል ያንሳል። ይህን ከሚለኩት አንዱ ጣቢያ እዚሁ ዳውንስቪው ነው። በየአገሩ የሚሠራበት ብሩወር የተባለው መለኪያም የተፈለሰፈው ቶሮንቶ ውስጥ ነው። በአየር ጠባይ ዜና የምትሰሙትን ዩቪ ኢንዴክስ በ1992 የጀመሩት የካናዳ ሳይንቲስቶች ናቸው።

ታዲያ ማን ሰፋው? ሰዎች ናቸው፤ ተስማምተው። ሴፕቴምበር 16 ቀን 1987 በሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ። ኢትዮጵያም በ1994 ገባችበት፤ ዛሬ የዓለም አገሮች በሙሉ አባል ናቸው። ነገር ግን የድሮዎቹ ጋዞች ቶሎ አይጠፉም። ስለዚህ ከዋልታዎቹ በስተቀር ኦዞኑ ወደ 1980 መጠኑ የሚመለሰው በ2040 ገደማ እንደሚሆን ይጠበቃል። ያን ጊዜ እናንተ ወላጆች ትሆናላችሁ!

ወላጆች፣ «እኛ ጥቁሮች ነን፣ ፀሐይ ምን ያደርገናል?» ስንባባል እሰማለሁ። እውነት ነው፣ ቆዳችን ይረዳናል፤ ዓይናችንን ግን አይሸፍንልንም። ጨረሩ ውሎ አድሮ የዓይን ሞራ ያመጣል። አዲስ በረዶም እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ጨረር ወደ ፊታችን ይመልሰዋል። ኢንዴክሱ 3 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ልጆቹን ባርኔጣና የፀሐይ መነጽር አድርጉላቸው።

የቤት ሥራ፦ ልጆች፣ የዚህን ሳምንት ዩቪ ኢንዴክስ በየቀኑ መዝግቡና ቅዳሜ በአማርኛ ጽፋችሁ አምጡልኝ። ሰላም ቆዩ!